ካውያ ተራራ ልትወጣ ነው

የሥራ ባልደረቦቿ «ካውያ» ነው የሚሏት። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ፣ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ነው። ስሙ ግን ከሥራው ብቻ የመጣ አይደለም። ሰው ሲበድላት ቶሎ አትጮህም፤ ቀስ እያለች ትግላለች፣ ከጋለች በኋላ ደግሞ የሚጠጋት የለም። «ሶኬቷ ተነቅሎም ታቃጥላለች» ይላሉ አጣቢዎቹ።

እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያስታመመቻት እሷ ነች። ጠዋት አጥባ፣ አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ብላ ትወጣለች፤ ማታ ተመልሳ አገላብጣ ታስተኛለች። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ የቤት ዕቃ መደብር አለው። እሑድ እሑድ ብቅ ይልና ከእናቱ ራስጌ ቆሞ፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ዛሬ ደግሞ ፊትሽ በርቷል እማዬ» ብሎ ይሄዳል።

እናታቸው ያረፈች ሰሞን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ጋሼ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰውን አመሰገነ። «እናታችንን በሚገባ ጦረን ሸኝተናታል» አለ። «ጦረን» የምትለው ቃል ካውያ ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ገባች። በሐዘን ቤት ምን ይባላል። እሱን ግን አልበቃውም። አክስታቸው «ይቺ ልጅ እንግዲህ ብቻዋን ምን ልትሆን ነው?» ብትል ቀበል አደረጋት።

«ለምን ብቻዋን ትሆናለች? ወደ እኛ ትመጣለች። የባለቤቴ እናት ደክመዋል፣ ሰው ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ እጇ ለምዷል፤ አሁን ሥራ ፈትታለች።»

ለቀስተኛው «ጥሩ አስበሃል» እያለ ራሱን ነቀነቀ። የካውያ ቆሽት አረረ። ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባችና የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች። የወንድሟ ሚስት ባዶ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ካውያ «የመከረችው እሷ ናት» ብላ ደመደመችና ዞር ብላም አላየቻት።

ከከተማው ወደብ ማዶ አንድ ደሴት አለ። በደሴቱ መሐል የተዘረጋው ሸንተረር ከሩቅ ሲታይ ጥርሱን ወደ ሰማይ ያደረገ መጋዝ ይመስላል፤ ሰዉም «መጋዙ» ይለዋል። ጋሼ በጎረምሳነቱ ከጓደኞቹ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶበታል። ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ወሬውም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይደገማል። ያኔ ካውያም «እኔም ልሂድ» ብላ ለምና ነበር። «አንቺን ነፋስ ይጥልሻል፤ ይልቅ ስንመለስ የምንበላውን አዘጋጂ» አላት። አዘጋጀች። ያንን ሁሉ ዓመት ረስታው ነበር፤ ብርጭቆውን ስታጥብ ግን ትዝ አላት።

የሆቴሉን እንግዶች ወደ ደሴቱ የሚወስድ አንድ መንገድ መሪ አለ፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጭቃ የጠጡ ጃኬቶቹን ላውንደሪው ድረስ ያመጣል። ወደ ሥራ እንደተመለሰች ጃኬቶቹን ሳትቀበለው፣ «መጋዙን መውጣት እፈልጋለሁ» አለችው።

መሪው ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እትዬ፣ ሽርሽር እኮ አይደለም። ግራም ቀኝም ገደል ነው፣ የግንብ አጥር ላይ እንደ መሄድ ነው። አንድ ሰው ከደከመ ሁላችንም ደከምን ማለት ነው።»

«አልደክምም።»

እሑድ ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ሞከራት። ሽቅቡን ጥርሷን ነክሳ ወጣችው። ቁልቁሉ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ቆሞ በመዋል ያበጠው የእግሯ ደም ሥር ገመድ መስሎ ተገተረ፤ አንድ ባልና ሚስት ሕፃን አዝለው እየተሳሳቁ አለፏት። መሪው ታች ሆኖ ጠበቃትና እቅጩን ነገራት።

«በዚህ ጉልበት አልወስድሽም። ሰው የሚሰበረው ሲወርድ ነው። ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ፣ ጭነት ተሸክመሽ። ከዚያ እናያለን።»

ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ ወደ ቤቷ ገባች። መንገደኛ ቢያያትም ግድ አልሰጣትም፤ ለእያንዳንዳቸው መልስ አዘጋጅታ ነበር፣ የጠየቃት ግን አልተገኘም። እሱም አናደዳት።

በማግስቱ የምትኖርበትን ሕንፃ ደረጃ ተያያዘችው። መጀመሪያ እርጥብ አንሶላ ነበር ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቃ የተሸከመችው፤ የአንሶላን ክብደት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃው ግን ከኋላዋ ይንጠባጠባል። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ፣ «እኔ እያደረቅሁ አንቺ ታዘንቢበታለሽ?» አለቻት። በዱቄት ሳሙና ቀየረችው። ሊፍቱ እየሠራ እሷ ሳሙና አዝላ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። አንድ ጡረተኛ ጎረቤቷ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያያት ሰነበተና አንድ ቀን አላስቻለውም።

«ሊፍት አለ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ላይ ነው የተናደድሽው?»

«ወንድሜ ላይ።»

«እንግዲያው ቀስ በይ» አላት። «አንቺ ስትወጪ እሱን አይደክመውም።»

እውነቱን ነበር። እሷ ግን ንዴቱ ከሌለ እግሯ እንደማይነሣ ታውቃለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሼ በጣቱ የሚያሽከረክረው ቁልፍ ይመጣባታል። ከዚያ «ጦረን» ትመጣለች። ላይኛው ፎቅ ስትደርስ «ሥራ ፈትታለች» ትከተላለች፤ እዚያ ላይ ትንፋሿ ያጥራል፣ እርምጃዋ ግን ይፈጥናል። የእግሯ አውራ ጣት ጥፍር ጠቆረና ወደቀ። ደም ሥሯን በላስቲክ ፋሻ እየጠመጠመች ወጣች። ሚዛን ለመለማመድ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ በአስፋልቱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ እጇን ዘርግታ ትሄዳለች። ፋርማሲስቱ ከሱቁ ወጥቶ አያትና፣ «እትዬ፣ ምን ቀማምሰሽ ነው?» አላት። «ንዴት» ብላው አለፈች።

ወሬው ጋሼ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ መጣና ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሙናዋን አዝላ ስትወርድ አገኛት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሰው ምን ይላል? የእናቷ አልጋ ሳይቀዘቅዝ ዳገት ለዳገት ትዞራለች አይልም?»

«ሰው ዘጠኝ ዓመት ምንም አላለም። አሁን አፉን ከየት አመጣው?»

«አሁን እሱን ተይው። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል። አማቴ ይጠብቁሻል።»

«ጠይቀኸኛል?»

«እኔ ላንቺ ብዬ እንጂ…»

«ጋሼ፣ ጠይቀኸኛል ወይ ነው ያልኩህ።»

 ፊቱ ቀላ፣ ዞሮ ጥቂት ደረጃ ወረደ፣ ከዚያ ተመለሰ። ድምፁ አሁንም ቁጡ ነው።

«ወገቡ የሚሉት ጠባብ ቦታ አለ። ነፋሱ በቀኝ በኩል ይመታሻል። ቆሜ ልለፍ ብትይ ትወድቂያለሽ፤ እንደ ፈረስ ጉብ ብለሽ በእጅሽ እየተሳብሽ ነው የምታልፊው። ሰምተሽኛል?»

ወርዶ ሄደ። ካውያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሰድቧት ቢሄድ በቀለላት። የሚጠቅም ነገር መናገሩ ከሁሉም ይበልጥ አንገበገባት፤ ምክንያቱም አትረሳውም።

በማግስቱ በሯ ተንኳኳ። የወንድሟ ሚስት ናት፣ ስፖርት ጫማ አድርጋለች።

«ሳሙና ልሸከም ነው የመጣሁት» አለች።

«ልኮሽ ነው?»

«እትዬ፣ እኔንም አልጠየቀኝም። እንዳንቺው ለቀስተኛ መሐል ነው የሰማሁት። እናቴን ስይዝ ዓመታት አለፉ። እሱ ማታ ይገባና እራት ደረሰ ወይ ይላል። ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት አንቺን አንሥቶ ሰጠኝ፤ እንደ ሶፋ።» የጫማዋን ክር አጠበቀች። «ማድ ቤት በር ላይ ላናግርሽ ፈልጌ ዞር ብለሽም አላየሽኝም።»

ካውያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችላት። ለካ ያለ ጥፋቷ የተናደደችባትም ሰው አለች። ይቅርታ የሚባለው ነገር አንደበቷ ላይ አይቀናትም፤ ይልቅ አንዱን የሳሙና ከረጢት አሸከመቻት።

መሪው ሁለቱንም ኮረብታው ላይ አውርዶ ካያቸው በኋላ ቀን ቆረጠላቸው። አሮጊቷን ማን ይያዛቸው ሲባል የወንድሟ ሚስት፣ «እሱ ራሱ። ነግሬዋለሁ፤ ያንተም እጅ ይልመድ ብዬዋለሁ» አለች።

በጀልባ ተሻገሩ። ከመሪው ጋር ጥቂት ሌሎች መንገደኞችም ነበሩ። የሸንተረሩ መጀመሪያ ሰፊ ስለነበር ካውያ «ይሄ ነው እንዴ?» ብላ አሰበች። እየቆየ ግን መሬቱ ከሁለት በኩል እየተበላ ሄደ። ወገቡ ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ እንደ ፈረስ ጀርባ ቀጠነ፤ ከግራ ጭጋግ፣ ከቀኝ ባሕር። መሪው በገመድ አሰራቸውና ቀድሞ ተሻገረ። ካውያ ጉብ አለችበት፣ በእጇ እየተሳበች ግማሽ ደረሰች፣ እዚያው ቀረች።

ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ሳሙና። እጆቿ ድንጋዩን እንደያዙ አልላቀቅ አሉ። ነፋሱ በቀኝ በኩል ይገፋታል። መሪው ከማዶ «ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ይላታል፤ ትሰማዋለች፣ ምንም ግን አልሆነላትም። ከኋላዋ ያለችው የወንድሟ ሚስት ጥቂት ጠብቃ ተናገረች።

«እትዬ፣ ካቃተሽ እንመለስ። አልጋሽ እንደሆነ ተነጥፏል።»

«የምን አልጋ?»

«እናቴ አልጋ አጠገብ። ወንድምሽ ከመደብሩ አስመጥቶልሻል። ራሱ ነው ያነጠፈው። በሌሊት ስትጠራሽ እንዲቀርብሽ ብሎ።»

ካውያ ጋለች። ቀኝ እጇ ተላቀቀ፣ ወደፊት ሄደ፣ ያዘ። ግራው ተከተለ። እየተሳደበች ነበር የምትሳበው፤ የምትለው ሁሉ ነፋስ ስለወሰደው መሪው አልሰማም፣ አለመስማቱም በጀው። ማዶ፣ ሰፊው ድንጋይ ላይ ወጣች። የወንድሟ ሚስት ተከትላት ደረሰች።

«የአልጋው ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ፍራሹም አዲስ ነው።»

ተያዩ፤ ሳቅ ቀደማቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መሪው ግራ ገብቶት ውሃ አቀበላቸው።

ጫፉ ላይ ካውያ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ዳቦዋን አውጥታ እየበላች ማዶ ከተማዋን አየች፤ ከዚህ ስትታይ የክብሪት ሳጥን ታህላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ውስጥ ሆና፣ አንድ ሰው እሑድን ብቻ «አንቺ ውጪ፣ ዛሬ እኔ አለሁ» ቢላት ኖሮ እዚህ መጥታ በተመለሰች ነበር። አንድ እሑድ። እናቷን በመጦሯ አልተቆጨችም፤ እንደገና ቢሆንም ታደርገዋለች። ያቃጠላት ያ እሑድ ነው። ዳቦውን አስቀመጠች፣ እንባዋ መጣ። የወንድሟ ሚስት አየቻት፣ አላባበለቻትም፤ ነፋሱን ከልላላት አጠገቧ ተቀመጠች።

ቁልቁለቱን ጉልበቷ ቻለው።

ሲመለሱ ወደ ጋሼ ቤት ጎራ አሉ፤ በሩን እሱ ራሱ ከፈተላቸው። ጺሙን አልተላጨም፤ ሸሚዙ ላይ ሾርባ ፈስሷል። ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

«ልጄ መጣሽ? ይሄ ሰው ጨው የት እንዳለ አያውቅም። ትራስ አቅናልኝ ብለው አንገቴን ሊሰብረው ነበር።»

ጋሼ ስለ መጋዙ አንድም አልጠየቀም። ካውያን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰው ተኝቶበት አንሶላ እንዴት ነው የሚቀየረው?» አላት።

ጥላው ልትሄድ ፈለገች። ግን አሮጊቷ ምን በደሉ፤ የተጨማደደ አንሶላ ላይ ተኝተዋል። «ና» አለችው። «አንድ ጊዜ አሳይሃለሁ፣ ሁለተኛ የለም።» አሮጊቷን በጎናቸው አዙራ፣ አሮጌውን ጠቅልላ ከጀርባቸው ሥር አስገባች፣ አዲሱን አስከትላ ዘረጋች። ከዚያ ሁሉንም ነቅላ እጁ ላይ ጣለችውና «አሁን አንተ» አለችው። ሠራው፤ ጠማማ ሆነ። «እንደገና» አለችው። እንደገና ሠራው።

ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀም። እሷም አልታረቀችውም፤ «እንዴት ነህ» ይባባላሉ፣ በቃ። ግን እሑድ እሑድ አሮጊቷን የሚይዘው እሱ ነው፤ እያጉረመረመም ቢሆን ይይዛል። ሁለቱ ሴቶች ኮረብታው ላይ ናቸው። ስለ እሱ ሲያወሩ እርምጃቸው እንደሚፈጥን መሪው ልብ ብሏል።