ድር የምናደራበት ሜዳ

ሊወስዱኝ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ከደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ አስመታ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አንደኛው ቆቡን ነካ አድርጎ፣ "አባባ፣ ለአንድ ጥያቄ ይፈለጋሉ" አለኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ምሳቸውን ቀምሰው ይምጡ" ብትላቸው፣ "ለምሳ ይመለሳሉ እማማ" አሏት። እኔም አምኜ ከዘራዬን እንኳ ሳልይዝ ተነሣሁ። ያቺ አንድ ጥያቄ አርባ ሦስት ቀን ፈጀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን በመንዝ ደጋ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት፤ ስሟ ይቅር። መንገዱ ሊሰፋ፣ በግራ በቀኙ ፎቅ ሊሠራ ነውና የሸማኔ ሰፈር ይነሣል ተባለ። አሥራ አንድ ቤት ነን። ሌላው ሰው የቤት ካርታ አለው፤ እኛ ግን ከአባቶቻችን ተቀብለን ዝም ብለን የኖርን ነን። ካርታ የሌለው በሽማግሌ ያስመስክር፣ ቤት እንደነበረው ከተረጋገጠ ምትክ ቦታ ያገኛል ተባለ። በሰፈሩ ካሉት ወንዶች በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጎረቤቶቼ እኔ ደጅ ይሰበሰባሉ፣ ማን የት እንደኖረ፣ ማን ከማን እንደወረሰ እነግራቸዋለሁ። ይኸው ነው ሥራዬ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር፤ አምስት ሰው አንድ ደጅ ላይ ሲቀመጥ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ። "ሕዝብ ያነሣሣል" ተብሎ ተጻፈብኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጥጉ አሁንም የገብስ እብቅ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለች ክፍተት ናት ብርሃን የምታስገባው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የእኛን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ከሲሚንቶ ጋር ከተመሳጠረ አጥንት ነው የሚፈልገው። አሥራ አራት ሰው ነበርን። እኔ ስገባ ከመሐል አንድ ወፍራም ሰው፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ! ለአባባ ወንበር ልቀቁ፣ ኋላ ባዶ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። በመርሐቤቴ መስመር አውቶቡስ የሚነዳ ሹፌር ነው። ከጎኔ ያገኘሁት መምህር ነው፤ የመነጽሩ አንድ ጆሮ ተሰብሮ በክር አስሮታል። ብዙ አይናገርም። የመጀመሪያ ቀን ጋቢውን ከሁለት አጥፎ ከሥሬ አነጠፈልኝና ፊቱን አዞረ፣ እንዳላመሰግነው ነው መሰለኝ።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ልጅ ነው፣ ንጹሕ፣ ትሑት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ስለ ሰፈሩ ንገሩኝ አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጠያቂ አገኘሁ ብዬ ነው። ቤቶቹን ቆጠርሁለት። ከዚያ፣ "ከቤቶቹ ፊት ያለው ሰፊ ቦታስ የማን ነው?" አለኝ።

"የማንም አይደለም" አልሁት።

እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው ያልሁት። "ከአያቶቻችን ጀምሮ የማንም ሆኖ አያውቅም። አጥሮት የሚያውቅ ሰው የለም።"

ብዙ ነገርሁት። እሱ ግን ጥቂት ነው የጻፈው። የተማረ ሰው ያሳጥራል ብዬ አሰብሁ።

ወረቀቱ የመጣው ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየሁ በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ጠባቂው በበሩ ሰጠኝና፣ "ያንብቡት። ከሰዓት ይፈርማሉ፣ ከፈረሙ ዛሬ ቤትዎ ነዎት" አለኝ። ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ዳዊት ሳልደግም ነው አባቴ ከሽመና ጉድጓድ ያስገባኝ። የታተመ ጽሑፍ ሲረዝምብኝ ዓይኔ ይሸሻል። ለመምህሩ ሰጠሁት። በዝቅታ አነበበልኝ።

"የሸማኔ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው ቦታ ከጥንት ጀምሮ የማንም ይዞታ ያልነበረ፣ ያልታጠረ ባዶ ሜዳ መሆኑን፣ ነዋሪዎቹም በኋላ የሰፈሩበት መሆኑን እኔ የአካባቢው ሽማግሌ..."

"ድገምልኝ" አልሁት። ደገመልኝ።

"አባቴ፣ ይህን ብለዋል?" አለኝ።

"የማንም አይደለም ብያለሁ። ስለ ሜዳው ነው ግን። ስለ ቤቱ አላልሁም።"

ሹፌሩ ሰምቶ ነበር። "ይፈርሙና ይውጡ እንጂ አባባ! እኔ ብሆን በሁለት እጄ ነበር የምፈርመው። ፍሬን አይያዙ።" ከዚያ ነገሩ ሲገባው ጭንቅላቱን ያዘ። "ቆይ ቆይ... ታዲያ በገዛ አፍዎ ሰፈሩን አፈረሱት ማለት ነው?"

መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ በእጄ አስያዘኝ። "ሜዳው ምንድን ነበር?" አለኝ። ጊዜ ነበረን። ነገርሁት፤ ለእሱም ለራሴም።

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ብታልፍ ወንዶቹን ከወገባቸው በላይ ነው የምታያቸው። በየደጁ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ እግሩ ከሥር መርገጫውን እየረገጠ፣ እጁ መወርወሪያውን ከዚህ ወዲያ እየላከ። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና ነው ሥራችን፣ ጥቁርና ቡኒ። በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ክረምት ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ እርጥብ በግ ይሸታል። የሌላ ሰፈር ሰው ሸማኔነታችንን ሊሰድብ "ቁጢት በጣሽ" ይለናል፤ ልጁን ለእኛ አይድርም። ብርዱ ሲጠና ግን በእኛ ባና ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። አባቴ፣ "ይስደቡን፣ ብቻ አይብረዳቸው" ይል ነበር።

ሜዳው ለድር ነበር። ከመሸመን በፊት ድር ይደራል። ችካል በዚህ ጫፍ፣ ችካል በዚያ ጫፍ ይተከልና ሰውየው ክሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ይህ በቤት ውስጥ አይሆንም፤ ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ በየተራ ነው። ዛሬ የእኛ ቤት፣ ነገ የጎረቤት። ባሏ የሞተባት ሴት ካለች ተራ አትጠብቅም፣ እሷ ትቀድማለች። የተዘረጋ ድር ማንም አይሻገርም። ከሞላሌ ገበያ የሚመለስ ባለ አህያ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሬሳ ከመጣ ብቻ፣ ሰፈሩ ወጥቶ ድሩን በእጁ ወደ ላይ ያነሣል፣ ቃሬዛው በሥሩ ያልፋል። ሕፃን ሆኜ የአያቴን ቃሬዛ እንዲያ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሰዎቹ እጃቸውን እንዳነሡ ያለቅሱ ነበር፤ እንባቸውን የሚጠርጉበት እጅ አልነበራቸውም።

አንድ ጊዜ አንድ ሀብታም ከሜዳው ጫፍ ድንጋይ ከምሮ ሊያጥር ጀመረ። አባቴና ሌሎቹ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየተሸከሙ ሰውየው ደጅ መለሱለት። "ሜዳው የማንም አይደለም" ነው ያሉት። በእኛ ዘንድ የማንም አይደለም ማለት ማንም አይነካውም ማለት ነው። በመርማሪው ወረቀት ላይ ግን ማንም ይወስደዋል ማለት ሆነ። ኋላ ሽመናው ሲቀዘቅዝ፣ ከፋብሪካ የመጣው ብርድ ልብስ ገበያውን ሲይዘው ድር የሚያደራ ጠፋ፤ ሜዳው ግን እንደዚያው ነበር። አንዳችንም አላጠርነውም። ሞኝነት ይሉታል የዛሬ ሰዎች። ብናጥረው ኖሮ ማስረጃ ይሆነን ነበር።

ወሬዬን ስጨርስ ሹፌሩ ከጥግ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አፌ ነው" አለ።

ከሰዓት ጠሩኝ። መርማሪው ሻይ አዝዞልኝ ነበር። ወረቀቱ በሁለታችን መሐል ነው።

"አነበቡት አባባ?"

"ተነበበልኝ። ልጄ፣ ግማሹን ነው የጻፍኸው። ሌላውን ግማሽ ጨምርበት።"

"ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ይኸው ነው።"

"ለእኔ ዋናው የቀረው ነው።"

ተነሥቶ በመስኮት አየ። "እናታችን ከበር ላይ ናቸው። ስንቅ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ። ንፋሱን ያዩታል። ይፈርሙና አብረዋቸው ይግቡ።"

አላየሁም። ካየሁ እንደምፈርም አውቄ ነው። ባለቤቴ ደረቷ ደካማ ነው፤ እሱም ጠይቆ ያወቀ መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። ከሰፈሩ ይልቅ ያን ጊዜ የታየኝ የእሷ ሳል ነው።

"ብዕር ስጠኝ" አልሁት።

ፊቱ በራ። "እዚህ ጋ" ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

እኔ ከፊርማው ቦታ በላይ ካለው ባዶ ላይ ጀመርሁ። ፊደሌ እንደ ልጅ ፊደል ነው፤ ትልልቅና ዘመም ያለ። "ሜዳው የድር ነው። ቤቶቹ ግን የነዚህ ነበሩ" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የአሥራ አንዱን ቤት አባወራዎች፣ እኔ ልጅ ሳለሁ የነበሩትን፣ ከላይኛው ጫፍ ጀምሬ በየስማቸው። መርማሪው መጀመሪያ "ምን እያደረጉ ነው?" አለ። እኔ መጻፌን ቀጠልሁ፤ መጻፍና መናገር አብሮ አይሆንልኝም። ከስምንተኛው ቤት ስደርስ ወረቀቱ አለቀ። ገልብጬ ሦስቱን በጀርባው ጻፍሁ። ሻዩ በረደ። ከሥሩ ስሜን አኖርሁና ብዕሩን መለስሁለት።

"ይህ አይሠራም አባባ" አለኝ። አልተቆጣም። "አበላሹት።"

"የሚሠራውን አላውቅም ልጄ። የማውቀውን ነው የጻፍሁት።"

በማግስቱ ንጹሕ ወረቀት አሳትሞ መጣ። በዚያም ላይ ያንኑ ጻፍሁ፤ እንዲያውም እጄ ተፍታትቶ ስለነበር አሥራ አንዱም ከፊት ለፊቱ ገጽ ገቡ። ሦስተኛ አላመጣም።

ቀኑን ባላውቀውም ሰፈሩ የፈረሰው እዚያው እያለሁ ነው። የዶዘሩ ድምፅ ከክፍላችን ድረስ ይሰማል። ጭቃ ቤት ሲወድቅ ብዙ አይጮኽም። መምህሩ ሰምቶ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ሹፌሩ ያን ቀን ቀልድ አልተናገረም። በአርባ ሦስተኛው ቀን ክስ ሳይነበብልኝ፣ "ይሂዱ" ተባልሁ። ቤቴ ስለሌለ ወደ ልጄ ቤት ሄድሁ። የባለቤቴ ሳል እስከ ዛሬ አለቀቃትም።

አሁን ቦታው አስፋልት ነው። በዳሩ ንጣፍ አለው፤ በላዩ መብራት ተደርድሯል፤ ያምራል አልዋሽም። በፎቁ ሥር ሱቆች አሉ። የትኛው ደጅ የማን እንደነበር እኔም እየቆጠርሁ እሳሳታለሁ፤ መነሻ የሚሆነኝ ድንጋይ የለም። ያበላሸሁት ወረቀት ምንም አላዳነም። በመጀመሪያው ምርመራ መርማሪው የጻፋት አጭር ቃል በመዝገቡ ውስጥ ቀርታ፣ "ሽማግሌው በቃላቸው እንዳረጋገጡት" ተብላ አገልግላለች። ከአሥራ አንዱ ቤት ምትክ ቦታ ያገኙት ሦስት ናቸው፣ እነሱም በሌላ ምስክር። የቀረነው በየዘመዱ ተበትነናል።

ከተበተኑት አንዷ እኩያዬ ናት፤ አብረን አድገን፣ ቤታችን ጎን ለጎን የነበረ። አሁን ከራቤል ከተማ አጠገብ ካለችው ታናሽ እኅቷ ጋር ከርማ ትመጣለች፣ ስትመጣ እዚህ ካለው ከእኅቷ ልጅ ቤት ነው የምታርፈው። በተፈታሁ በወሩ ልትጠይቀኝ መጣች። የቀረበላትን አልቀመሰችም።

"የማንም አይደለም ብለሃል ይላሉ። ብለሃል?" አለችኝ።

ወረቀቱን እንዴት እንዳበላሸሁት ልነግራት እችል ነበር። ስለ ሜዳው ነው ያልሁት ልላት እችል ነበር። እሷ ሜዳውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። የጠየቀችኝ ግን ያን አልነበረም።

"ብያለሁ" አልኋት።

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ እንኳ አልዞረችም።

አሁን ከተማችን ስትመጣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንገናኛለን። ቀድሜ፣ "እንዴት አደርሽ" እላታለሁ። አትመልስልኝም። አልፈርድባትም። በሚመጣው እሑድም እላታለሁ።