ቁጥሩን ማንም አልጠየቃትም

ሰፈሩ «እትዬ ወረቀት» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በርና ቁም ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ኖራለች፤ የጣቶቿ አሻራ ተፍቆ ካለቀ ቆይቷል። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ካሳረፈች ግን የቱ ጋ እንደሻከረ ትነግርሃለች።

የምርምር ቤቱ ዶክተር የፈለጋትም ለዚሁ ነበር። ሰው ሲረግጠው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የወለል ንጣፍ እየሠራ ነው፤ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥር መዳብ። ሁለቱ ተነካክተውና ተፋትገው ሲላቀቁ፣ ሹራብ ስናወልቅ ቆዳችንን የሚቆነጥጠን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። የእሷ ሥራ የፕላስቲኩን ገጽ ማሻከር ነው። የእህቷ ልጅ እዚያው ረዳት ሆና ውጤት ትመዘግባለች።

ልሙጡ ፕላስቲክ ደካማ ነበር። እትዬ ወረቀት ከራሷ ቦርሳ አራት መቶ ቁጥር ወረቀት አውጥታ ስታሸው ከንጣፉ ጋር የተያያዙት ሃምሳ የመሞከሪያ አምፖሎች ቦግ አሉ። ቁጥሩን ማንም አልጠየቃትም። ዶክተሩን ግን ስስት ያዘው።

«አሁን በሰማንያው እሺው» አላት፤ የወረቀቱ ቁጥር ባነሰ መጠን ይበልጥ ይሻክራል። «በሻከረ ቁጥር ይጨምራል።»

«ዶክተር፣ ሲበዛ እኮ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው የሚነካኩት፤ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ደግሞ ፕላስቲኩ እየተላጠ ብናኙ መዳቡ ላይ ይለጠፋል።»

«በር አሺዋ ፊዚክስ ልታስተምረን ነው» አለ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ። ሁሉም ሳቁ። የእህቷ ልጅም ሳቀች።

እንዳዘዛት አሸችው። እንግዶች በተሰበሰቡ ዕለት ንጣፉን ቢረግጡት ቢረግጡት፣ ከሃምሳው አምፖል ስድስቱ ጭል ጭል ብለው ጠፉ። ገልጠው ሲያዩት መዳቡ ነጭ ዱቄት ለብሷል። ዶክተሩ ላብ በላብ ሆኖ «በቅባታም እጇ ነካክታው ነው» አለ። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። ምስክር ሆና የፈረመችው የእህቷ ልጅ ናት።

ወደ በሮቿ ተመለሰች። ከአራት ወር በኋላ ልጅቷ ፕላስቲክ በፌስታል ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ያኔ አምፖሉ ቦግ ያለው በስንት ቁጥር ነበር? ካላገኘሁለት ያባርረኛል።»

«የፈረምሽበት ደብዳቤ ላይ የለም?»

«በእናቴ ይዤሻለሁ።»

እትዬ ወረቀት ትክ ብላ አየቻት። «ሁለት ሺህ» አለቻት። ሁለት ሺህ ቁጥር ፕላስቲክን እንደ መስታወት ነው የሚያለሰልሰው። ልጅቷ አቅፋ ሳመቻትና እየሮጠች ሄደች።

በሳምንቱ ተባረረች። እናቷ መጥታ «ያው ልጅሽ ናት፣ አጠገብሽ አስገቢልኝ» ብላ እህቷን ለመነች። እትዬ ወረቀትም እንጨት ሥራ ቤቱ አስገባቻት።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከቀትር በፊት፣ የልጅቷ ጣቶች ተልጠው ደሙ። ጓንቱ አክስቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አክስትየዋ ደሙን አየችና ሥራዋን ቀጠለች።

«በሩን እንዳታቆሽሺው» አለቻት።