ሰኮና ያለው ምርኩዝ

በሕፃንነቴ የያዘኝ በሽታ ቀኝ እግሬን አልምሾት ስለነበር የምሄደው በሁለት ምርኩዝ ነው። በጋውን እንደ ማንም ሰው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በልግ ሲጥል ግን ከቤታችን እስከ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ያለው ጥቁር መረሬ ማሳ ይጨቀይና ምርኩዞቼን ይውጣቸዋል። ያኔ ታላቅ ወንድሜ አዝሎ ያሻግረኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ዝናቡ የጀመረ ዕለት እናቴ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በቁመት ደርሼባት ነበርና እግሮቼ ጭቃውን እየጠረጉ ሄድን። አስፋልቱ ዳር ስታወርደኝ ቀና ማለት አቅቷት እዚያው ቁጭ አለች።

"እማ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ" አልኳት።

"የታመመው የእኔ ወገብ ነው። አንቺ ምን ሆንሽና?"

ይህን ለሁለት የክፍል ጓደኞቼ አወራኋቸው። የአንደኛዋ አባት ገበያ ላይ ከመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሠራሉ፤ ሌላኛው የገበሬ ልጅ ነው። እሷ ከአባቷ ጎማ ለምና ሰፋ አድርጋ በክቡ ቆረጠች፤ እሱ ምርኩዞቼ ጫፍ ላይ በሚስማር መታው። እውነትም መስመጡ ቀረ። ጭቃው ግን ጎማው ላይ እየተለጠፈ ምርኩዙን ማንሣት ቢያቅተኝ ማሳው መሐል በግንባሬ ተደፋሁ። ተስፋ ያደረግኩት በዚያ ጎማ ስለነበር፣ ለቅሶ እንኳ አልመጣልኝም።

የገበሬው ልጅ ያን ሰሞን ከትምህርት መልስ ማሳ ለማሳ ሲዞር ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት እኔና ልጅቷ የምንቀመጥበት ዴስክ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

"የአባቴን በሬዎች እያየሁ ነበር" አለ። "በሬ ሲረግጥ ሰኮናው ይከፈታል፤ ሲያነሣው ይገጥማል። ጭቃ አይይዘውም።"

"ጎማው ለሁለት ይሰንጠቅ ነው የምትለው?" አለችው ልጅቷ።

"አዎ። እንዲገጥም ደግሞ የሚስበው ነገር ይፈልጋል።"

የሚስበውን ያገኘችው እሷ ናት። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ የሚለጠጥ ቀጭን ጠፍር ቆርጣ ሁለቱን ቁራጮች አያያዘቻቸው። የእጅ ሥራ መምህራችን የመሥሪያ ክፍሉን ከፈቱልን፤ ሁለቱ ጓደኞቼ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲፈቱና ሲያስሩ ዋሉ።

በማግስቱ እናቴ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች።

"እማ፣ ዛሬ ከኋላዬ ነይ" አልኳት።

እጆቿን ዘርግታ ተከተለችኝ። ምርኩዙ ሲረግጥ ይከፈታል፤ ሳነሣው ጧ ብሎ ይለቃል። ማሳው መሐል ስደርስ ኮቴዋ ጠፋኝ። ዞር ስል ቆማ ታየኛለች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ቀስ ብላ። "በይ ሂጂ፤ እኔ ወደ ቤቴ ልመለስ።"

የቀረውን ጭቃ ብቻዬን ተሻገርኩ። ጓደኞቼ አስፋልቱ ዳር ይጠብቁኝ ነበር። ልጁ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ቁጢጥ ብሎ የምርኩዜን ጫፍ ገልብጦ አየ።

"ጭቃ አልያዘውም" አለ።

ሦስታችንም ሳቅንና ወደ ትምህርት ቤት ሄድን።