ከወይራው ሥር የቀረው ዱላ

አጎቴ ለዳኝነት ሲቀመጡ አንድ ነገር ሳይሉ አይጀምሩም ነበር፤ «ዱላችሁን ከወይራው ሥር አስቀምጣችሁ ግቡ። ዱላ የያዘ ሰው በአፉ አይከራከርም።» ቀድመው የሚያስቀምጡትም የራሳቸውን ነበር። ከገሳይ ከተማ ወዲህ ባለችው ቀበሌያችን የማህበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እኔ ጸሐፊያቸው።

የሰው ጋቢ ግን አያስገልጡም። ሚሊሻው «ልፈትሽ» ሲላቸው «የጨዋ ልጅ ገላ አይዳበስም» ብለው ይቆጡት ነበር።

በዚያች ዕለት ሁለት ወንድማማቾች በማሳ ድንበር ተካስሰው መጡ። ታናሹ ዱላውን አስቀምጦ፣ እጅ ነስቶ ገባ። አጎቴ ድንበሩ ታላቁ እንዳለው ነው ብለው ሲፈርዱ፣ ታናሹ ከጋቢው ሥር ሽጉጥ አውጥቶ ወንድሙ ላይ ደገነ። አጎቴ ተነሥተው መሐል ገቡ።

«ተው ልጄ፣ ወንድምህ ነው» አሉት።

ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የምጽፍበት መዝገብ በደማቸው ራሰ፤ ውሳኔው የሰፈረበት ገጽ ዛሬም አይነበብም።

ገዳዩ ዱላውን ትቶ ሸሸ። ከቀብር መልስ ያን ዱላ ወስጄ እሳት ውስጥ ከተትኩት። የአጎቴ ዱላ ግን ወይራውን እንደተደገፈ ነው፤ ባለጉዳዮች የየራሳቸውን ከጎኑ ያስቀምጣሉ።

አሁን በር ላይ ቆሜ የወንዱን ሁሉ ጋቢ የምገልጠው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎች «ኧረ ነውር ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከጋቢው ሥር የማገኘው ባዶ እጅ ነው፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። የአጎቴም እጅ ባዶ ነበር።