«ጤነኛ» ብዬ የጻፍኩባቸው ወንዶች

ሐሙስ ጠዋት፣ መነሻ

የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት በስንት ደጅ ጥናት አግኝቼ፣ በባቡር ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ እናቴ አገር ሐረር ተነሣሁ። ልጄ ሰብለ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ የያዛት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነው ተብሏል። ሐኪሟ «በዘር ሊወርድ ይችላል። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ለምን እንደሆነ ገና በውል አናውቅም። ብቻ በእናትዎ ወገን ሴቱንም ወንዱንም ይጠይቁልኝ» አለኝ። ሰብለን ታላቅ ወንድሟ ዳዊት እንዲጠብቃት አደራ አልኩት። ሲያኮርፍ የሚውል ጎረምሳ ነው፤ ለሱ አልሰጋሁም።

ዓርብ፣ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር

ከድሬዳዋ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ዓለማያ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ጫት ሊገዛ ሲወርድ፣ እኔ ካሮት ገዝቼ እንደ ጥንቸል ስቆረጥም ቆየሁ። አክስቴ እትዬ በለጡ አቅፈው ሳሙኝና ወዲያው «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሉኝ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «የእኛ ቤት ሴት ሆደ ባሻ ናት» ብለው አያቴን፣ እናቴን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ ጠበል የተወሰዱትን ሁሉ ቆጠሩልኝ።

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹ ምን ይሆናሉ ልጄ! ወንድሜን ታደሰን ብቻ መጠጥ በላብኝ።»

በወንዶቹ ስም ሁሉ ፊት «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጊደር መጋላ ገበያ

አክስቴ ቅመም አምጪ ብለው ላኩኝ። ሻጯ እማማ ፋጡማ፣ አጎቴ ታደሰ ልብስ ይሰፋባት ከነበረችው ሱቅ ጎን ነው የሚቀመጡት።

«የታደሰ እህት ልጅ ነሽ? ወላሂ፣ ዓይንሽ የሱ ነው!»

የአጎቴን መጠጥ አነሣሁላቸው።

«መጠጡ ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ባዶውን ይረግጥ ነበር። ክር የለ፣ ጨርቅ የለ። ሰው ድምፁን ሲሰማ የሚሰፋ ይመስለዋል፤ እሱ ያለቅሳል። እኔ አየው ነበር። ወንድ ነው፣ ያፍራል ብዬ ዝም አልኩ። አላህ ይማረን።»

እዚያው በርበሬው ጆንያ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቻችንን ጠበል ወሰድናቸው፤ እሱን ሰካራም ብለን ሰደብነው። ወረቀቱን አውጥቼ «ጤነኛ» የሚለውን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ስለ ቀሩት ወንዶች የሚነግረኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ቤት

ሰብለ ምሳዋን ስትበላ ደረስኩ፤ ተመስገን አልኩ። ዳዊት በቀትር ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተነሥ፣ ሰነፍ!» ብዬ ብርድ ልብሱን እገፍፈው ነበር። የሄድኩት ለአንድ ልጄ ነበር፤ የተመለስኩት ለሁለቱም እየፈራሁ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዳዊቴ፣ ስታለቅስ የት ሄደህ ነው?»

ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።