ነሐሴ ዘጠኝ በሲሲሊ

አውቄ ነበር ወይስ አላወቅሁም? ደወሉን በስልክ ውስጥ ስሰማ ገብቶኝ ነበር ወይስ አልገባኝም? ይህን ያህል ዓመት ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም። ዛሬም እዚህ አሜሪካ፣ ሮቢንስዴል በምትባል ከተማ አውቶቡስ ስጠብቅ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን የእኩለ ቀን ደወሉን ይደውላል፤ ያን ጊዜ እጄ ሳላዘው ኪሴ ይገባና ስልኬን ይጨብጣል። የሚደውልልኝ የለም። ደወሉም ይቆማል። እኔ ግን የወለል ሰም ወደሚሸተው ወደዚያ ኮሪደር ተመልሼ ቆሜያለሁ።

በፈረንጆቹ 2017 ሰመር ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ኒው ሆፕ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ በአጎቴ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከሳሎኑ በመጋረጃ በተከፈለች ጥግ እኖር ነበር። ጠዋት ብሩክሊን ሴንተር የጎልማሶች ትምህርት ቤት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ ዕቃ አሽጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ አሜሪካ ነው ብል ውሸት አይሆንም። አገር ቤት ትምህርት ቤት የተላከችው ታናሽ እህቴ ነበረች። ከሁለታችን አንዳችን ከእናታችን ጋር ጉልት መዋል ነበረብን፤ ትልቋ ስለሆንኩ እኔ ዋልኩ። ማታ መጽሐፏን ዘርግታ ልታስተምረኝ ትሞክርና እኔ ከአንዱ ፊደል ላይ ስቀር ትስቅብኝ ነበር። «ጣትሽን አንሺ እንጂ! ፊደሉ ሮጦ አያመልጥሽም!»

ስለዚህ እዚህ መጥቼ በሁለት ቋንቋ ማንበብ ስጀምር ከሁሉም በላይ የተደነቀችው እሷ ናት። በስልክ ታስነብበኝ ነበር፤ ከክላስ መጽሐፌ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አነብላትና ወዲያው በአማርኛ እፈታላታለሁ። «አይ አንቺ! ፕሮፌሰር!» ትለኛለች። ስታሾፍ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለታችን የምታነበው እኔ ሆንኩ።

ባሕሩን መሻገሯን የሰማሁት ከተሻገረች በኋላ ነው። ከጀልባው ታማ ስለወረደች መጀመሪያ ሆስፒታል አስገቧት፤ ከዚያ በሲሲሊ ደሴት መሃል፣ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት ቤት ወሰዷት። በሕመሟ ምክንያት አሻራ አልሰጠችም። ሁሉም ነገር በዚህች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወንድማችን ጀርመን ነው ያለው፤ አሻራዋ ሲሲሊ ላይ ከተያዘ፣ እሱ ዘንድ ብትደርስም ወደዚያው ይመልሷታል። ቅዳሜ ደወለችልኝ። ረቡዕ ጠዋት አሻራ የሚወስዱ ሰዎች እንደሚመጡ መነኮሳቱ ነግረዋታል። ሰኞ ሐኪም ሊያያት ቀጠሮ አላት፤ እሱ ሳያያት መንገድ አትጀምርም። ሳትያዝ ወደ ወንድማችን ለመውጣት የቀረችን ማክሰኞ ብቻ ነበረች።

«አንቺ ፈልጊልኝ» አለችኝ። «እዚህ ያሉት ሁሉ በስማ በለው ነው የሚያወሩት። አንቺ አንብበሽ ንገሪኝ።»

ያንኑ ቀን ላይብረሪ ሄጄ ስለ ሲሲሊ የተጻፈ ወፍራም የቱሪስት መምሪያ ተዋስኩ። ሽፋኑ የፀሐይ ቅባት ይሸታል፤ ገጾቹ መሃል ጥቂት የአሸዋ ቅንጣቶች ነበሩ። እዚያ ደርሶ የተመለሰ መጽሐፍ መሆኑ ልቤን ሞላው። አንዱ ምዕራፍ ወደ ደሴቲቱ እንዴት እንደሚደረስ፣ ቀጣዩ ደሴቲቱ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወሩ ይናገራል። የመጀመሪያውን በጨረፍታ አለፍኩት። አውሮፕላኑ ተዘርዝሯል፣ አልጋና ምግብ ቤት ያለው መርከብ ተዘርዝሯል፤ እህቴ የመጣችበት መንገድ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛውን ሁለት ቀን ሙሉ አጠናሁት።

አጎቴ ከሥራ ሲገቡ ካርታው ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። «አንቺ ልጅ፣ ጫጉላ ልትሄጂ ነው እንዴ? እስቲ መጀመሪያ ባሉን አሳዪን!» አሉና ካርታውን እንዳይረግጡ እግራቸውን ከፍ አድርገው አለፉ።

ደሴቲቱን ሳላያት አወቅኋት። ባቡሩ የባሕሩን ዳር ዳር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ከመሃል አገር የሚሻለው አውቶቡስ ነው። ትኬቱ አውቶቡስ ላይ አይሸጥም፤ ቡና ቤት ይገዛል። የወደብ ከተማዋ መሲና ሲደረስ ባቡሩ ይቆራረጥና መርከብ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ተሳፋሪው ከወንበሩ ሳይነሳ ባሕሩን ወደ ዋናው የብስ ይሻገራል።

«ባቡር መርከብ ላይ?» ሳቀች። «በይ አትቀልጂብኝ!»

«መጽሐፉ ላይ አለ፤ ገጹን ልንገርሽ?»

«እንግዲህ ገጽ ካለውማ እሺ።»

ከእሷ ከተማ ወደ መሲና የሚሄደው አውቶቡስ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት ሁለት መስመር አለ፤ እሑድ አይሠራም፣ በእመቤታችን ዕርገትም ቀን አይሠራም ይላል። አላለፍኩትም። እኔ ደቃቅ ጽሕፈት የማልፍ ሰው አልነበርኩም። የበዓሉን የእንግሊዝኛ ስም ከመዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ ፍልሰታ ነው። ከዚያ ብድግ ብዬ አጎቴ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየሁ። ፍልሰታ ነሐሴ አሥራ ስድስት። በፈረንጆቹ ኦገስት ሃያ ሁለት። እሷ የምትሄደው ነሐሴ ዘጠኝ፣ ሙሉ ሳምንት ቀድማ ነው። ደብተሬ ላይ «ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ወሰድኩ፣ ቀኑን ግን ከግድግዳችን። የእነሱ ፍልሰታ ከእኛ ቀድሞ፣ ኦገስት አሥራ አምስት እንደሚውል አላውቅም ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የበዓላት ዝርዝር ከነቀኑ ነበረው። በዓል ምን ያደርግልኛል ብዬ ያን ገጽ አልገለጥኩትም።

እሷም እኔም የፍልሰታን ጾም ይዘን ነበር። «መነኮሳቱ አይብ ያመጡልኛል፣ ጾም ነው ስላቸው ይስቃሉ» ብላኝ ነበር። «ማርያምን ይወዳሉ፤ መጾሙን ግን እንጃላቸው!» እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ማክሰኞ እዚያ ከምሳ በኋላ ሲሆን እዚህ ጠዋት፣ ክላስ ሊጀመር ሲል ነበር። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ወለሉ ገና ሰም ተቀብቶ ያበራል፣ የለስላሳው ማሽን ብቻውን ያጉረመርማል።

«መጥቻለሁ፣ ፌርማታው ጋ ነኝ» አለችኝ። «ከተማው ግን ጭር ብሏል። ቡና ቤቱም ዝግ ነው።»

«ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። መጽሐፉ ላይ አለ። ትኬቱን ሹፌሩን ትለምኚዋለሽ።»

«እሺ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። አውቶቡሱ አልመጣም። ከእሷ ጋር መነኮሳቱ ቤት የነበሩ ሁለት ሴት ልጆች ግን መኪና አግኝተዋል። የመነኮሳቱ ወጥ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ወንድም በአትክልት መኪናው መሲና ወደሚገኘው ቤቱ ሊሄድ ነው፤ ለሦስተኛም ሰው ቦታ አለው።

«ልሂድ?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት በእሷ በኩል የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ደወል በአንድ ላይ፣ እስከ ብሩክሊን ሴንተር ድረስ። ከኋላው ጡሩንባ ይሰማል፤ የብዙ ሰው ድምፅም ይሰማል።

«የምን ጫጫታ ነው?» አልኳት።

«ማርያምን ተሸክመው እየዞሩ ነው! ብታያት፣ አክሊል ደፍታለች፣ አበባ በአበባ ናት። መኪናውም እሷ እስክታልፍ ቆሟል። ንግሥ ይመስለኛል።»

«የምን ንግሥ? ፍልሰታ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ሰርግ ይሆናል።»

«በሰርግ ማርያምን ይሸከማሉ እንዴ?»

መጽሐፉ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዚፑን ልከፍት እጄን ሰደድኩ፤ ይህንን በደንብ አስታውሳለሁ። እጄን መልሼ አወጣሁት። ይህንንም አስታውሳለሁ።

«ስሚኝ» አልኳት፣ ድምፄ እንደ አስተማሪ ጠንከር ብሎ። «በየቀኑ ይሠራል ይላል። የማታውቂው ሰው መኪና ላይ አትውጪ። ዘግይቶ ነው እንጂ ይመጣል። ጠብቂ።»

ጡሩንባው ከስልኩ እየራቀ ሄደ።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

ወደ ክላስ ተመለስኩ። አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ቃል በቃል ገለበጥኩ፤ ያን ደብተር ባየው አንድም ስርዝ የለበትም። ብሬክ ላይ መጽሐፉን አውጥቼ የበዓላቱን ዝርዝር ገለጥኩ። ኦገስት አሥራ አምስት። ደሴቲቱ በሙሉ ዝግ ናት ይላል። ስደውልላት ስልኳ ጠፍቷል። እንደገና ደወልኩ። ፋብሪካ እስክገባ፣ ስልኬን ሎከር ውስጥ እስክቆልፍ ድረስ ደወልኩ።

ሊመሽ ሲል ፖሊሶች ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኟት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። በማግስቱ አሻራዋን ሰጠች።

ከወራት በኋላ እንደምንም ወንድማችን ዘንድ ደረሰች። ዓመት ከመንፈቅ አብራው ኖራ፣ ቋንቋውን ለመድኩ ስትል፣ መለሷት። አሁን በደሴቲቱ ደቡብ፣ በላስቲክ በተሸፈነ እርሻ ውስጥ ቲማቲም ትለቅማለች፤ ወረቀቷ በየጊዜው ይታደሳል ወይም አይታደስም። ሁለቱ ልጆች ያኔውኑ ጀርመን ገብተዋል፤ አንዷ ወልዳለች። እናታችን የእመቤቴ ፈቃድ ነው ትላለች። እኔ ለሁሉም፣ ለእናቴም፣ ለወንድሜም፣ ለአጎቴም፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ነው ብያቸዋለሁ። ለእሷም ያልኳት ይህንኑ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እሑድ ቀን ደወልኩላት። ወረቀቷ እንደገና ውድቅ ተደርጓል። አላለቀሰችም፤ ስለ አሠሪዋ ሚስት አዲስ ዊግ እያሾፈች ነገረችኝና በመሃል «ያ አውቶቡስ! ጎማው አራቱም ይፈንዳ!» ብላ ሳቀች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ትላለች፤ ብዙ ጊዜም አብሬያት ስቄያለሁ። በዚያን ቀን ሳቁ አልመጣልኝም። የአጎቴ ቤት ጋራጅ ውስጥ፣ እሳቸው መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ።

«አውቶቡሱ አልተበላሸም» አልኳት። ከካላንደሩ ጀምሬ ነገርኳት። ከቦርሳው እጄን መልሼ ማውጣቴንም ነገርኳት። አንዱንም አልቀነስኩም።

ጨርሼ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የዚያን ቀን አንዲት ሴትዮ ከመስኮቷ ሆና የለም የለም ስትለኝ ቆየች። ኋላ ካላንደር ይዛ ወርዳ መጣች፣ አሥራ አምስትን በጣቷ ነካች፣ ማርያምን አሳየችኝ፣ አውቶቡስ የለም አለችኝ። ገባኝ። መኪናው እኮ ገና አልሄደም ነበር፤ ልጆቹ በእጃቸው ነይ ይሉኛል።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«አንቺ አንብበሻላ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ይህን እንዴት ታጪዋለሽ እንደሚል ሰው። «ሴትዮዋ በጣቷ ነው ያሳየችኝ። አንቺ ግን አንብበሻል።»

ድምፅዋ ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከእሷ በኩል የመኪና ጡሩንባ ጮኸ።

«ሊወስዱኝ መጡ፤ እሑድም ቢሆን ሥራ ልሄድ ነው» አለችኝ። «በይ አታልቅሺ፤ ፊትሽን ታጥበሽ ቤት ግቢ፣ አጎታችን እንዳያዩሽ።»