የሚካኤል ተዝካር
ሰው አማርኛ ሲሳሳት ማረም ካቆምሁ ይኸው ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው።

እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ጊርጊስ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። በእነሱም አገር ሚካኤል ኅዳር ዐሥራ ሁለት እንደሚውል፣ መስቀል የታተመበት ዳቦ ጋግረው ለጎረቤት እንደሚያድሉ ሲነግሩኝ ደስ አለኝና ለዝክሬ ጠራኋቸው።

ሰው ጠላውን ይዞ ሲጫወት ጋሽ ጊርጊስ ዳቦ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ወደ ቄሱ ጠጋ ብለው «የሚካኤል ተዝካር ነው፤ ይባርኩልኝ» አሉ።

ሁላችንንም ሳቅ አፈነን። የእኔ ምላስ ደግሞ መች አርፎ ያውቃል! «ኧረ ጋሽ ጊርጊስ! ለመልአክ ዝክር ነው የሚባል። ተዝካርማ ለሞተ ሰው ነው። ሚካኤልን ገደሉት እኮ!» አልኋቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው አውካካ።

እሳቸው አልሳቁም። ሰፌዱን እንደያዙ ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«አዎ፣ ገደሉት» አሉ። «በራችን ላይ ነው የገደሉት። የልጄን የሚካኤልን ሞት ማን ነገረህ?»